የቃልና የቁጥር ውድድር በአማርኛ እንዴት እንደሚካሄድ

ዘጠኝ ፊደላት ይወጡና ከእነርሱ ረጅሙ ቃል ይፈለጋል፤ ስድስት ቁጥሮች ይወጡና በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል ከተባለው ውጤት ላይ ለመድረስ ይሞከራል። ጨዋታው ይኸው ነው። በቴሌቪዥን የተጀመረው በፈረንሳይ ሲሆን፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጁ አርማን ዣሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ቃል ብቻ የነበረውን ውድድር ፈጠረ፤ ቁጥሩ የተጨመረው በ1972 ነው። እንግሊዞች ካውንትዳውን ብለው የወሰዱት ሲሆን፣ ቻናል 4 ሥርጭቱን በከፈተበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1982፣ ከሁሉ አስቀድሞ የታየው ፕሮግራም እርሱ ነበር። ይህ ጽሑፍ ውድድሩን ባሕር ዳር ውስጥ በትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም በወጣት ማእከል፣ ከዚህ በፊት ተጫውተው በማያውቁ ሁለት ሰዎች መካከል፣ በስልክ ካሜራ እየተቀረጸ ለማካሄድ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ካሜራውና አዳራሹ ብዙም አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው ፊደሉ ነው። የእንግሊዝኛውን ሕግ እንዳለ ገልብጦ በአማርኛ ማጫወት አይቻልም፤ ሕጉን ለፊደላችን ጠባይ አስተካክሎ፣ ጽፎና ለተወዳዳሪዎቹ አስቀድሞ አንብቦ ያልጀመረ አዘጋጅ ሁለተኛው ዙር ላይ ሳይደርስ ክርክር ውስጥ ይገባል።

የፊደል ካርዶቹን ማዘጋጀት

ካርዶቹን ከኮምፔርሳቶ ወይም ከወፍራም ካርቶን ቆርጠው በማርከር በትልቁ ይጻፉባቸው። ቀጭን ወረቀት አይሆንም፤ በተለይ ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ መስኮት ተከፍቶ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ሰሌዳውን ያራግፈዋል። በፕሮጀክተር ማሳየት ያምራል፣ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ጨዋታው አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ካርድና ሰሌዳ እመርጣለሁ።

ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ዋናው ጥያቄ ነው። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ይሆናሉ። እያንዳንዱን ለየብቻ ካርድ ቢያደርጉ፣ ሹ፣ ጌ፣ ዞ፣ ቂ የመሳሰሉት ሲወጡ ተወዳዳሪው የሚገጣጥመው ያጣል። ሞክረነዋል፤ ከሁለት ፊደል የሚዘል ቃል እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ግዕዙ ብቻ ይሁን፤ ተወዳዳሪው የወጣለትን ፊደል ካዕብ፣ ሳልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ ወይም ሳብዕ የማድረግ ሙሉ መብት ይኑረው። በ ከወጣ ቡም፣ ባም፣ ብም ማድረግ ይችላል፤ አንዱ ካርድ የሚያገለግለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዲቃላ ፊደላትም በዚሁ ሕግ ይገዙ፦ ኳ የከ፣ ሏ የለ ካርድ ነው፤ እንደ አንድ ፊደልም ይቆጠራል።

ቀጥሎ ሞክሼዎቹ አሉ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በአንድ ካርድ ይወከሉ፤ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ፣ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀም እንዲሁ። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ሀገር ነውና ይህን ውሳኔ የሚቃወም ሰው ከተመልካቹ መካከል መገኘቱ አይቀርም። ተቃውሞው መሠረት አለው፤ ትምህርት በሃሌታው፣ ምሕረት በሐመሩ የሚጻፉት በከንቱ አይደለም። ሆኖም ይህ ውድድር የሚለካው ቃል የማግኘት ፍጥነትን እንጂ የጽሕፈት ሥርዓትን አይደለም፤ ሞክሼዎቹን ለየብቻ ካርድ ማድረግም ጀማሪውን ባላጠፋው ጥፋት ነጥብ ያስጥለዋል። ቃሉ በሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ግን በትክክለኛው ፊደል ይጻፍ፤ ይህን ለሊቃውንቱም ለተማሪዎቹም ስል አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ሞክሼዎቹ ሲጠቃለሉ 28 ፊደላት ይቀራሉ። ከእነዚህም ኸ፣ ዠ፣ ጰ እና ፐ እምብዛም ስለማያገለግሉ ይውጡ። በአንደኛው ከረጢት ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ደ እያንዳንዳቸው አራት አራት ካርድ ይኑራቸው። በሁለተኛው ከረጢት ሀ፣ ቀ፣ አ፣ ወ፣ ዘ፣ የ፣ ገ፣ ጠ፣ ፈ ሁለት ሁለት፣ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ጀ፣ ጨ፣ ጸ ደግሞ አንድ አንድ ይሁኑ። ድምሩ 60 ካርድ ነው። በእንግሊዝኛው ተወዳዳሪው አናባቢ ወይም ተነባቢ እያለ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የእኛ ተወዳዳሪ «ከአንደኛው» ወይም «ከሁለተኛው» እያለ ዘጠኙን ያስወጣል፤ ከሁለተኛው ከረጢት ቢያንስ አንድ፣ ቢበዛ አራት ካርድ ይውጣ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች በየዙሩ እየተፈራረቁ ያስወጡ።

ቃል የሚባለው ምንድን ነው

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። አማርኛ ከፊትም ከኋላም እየቀጠለ የሚረዝም ቋንቋ ነው። ለምሳሌ ሀ፣ ረ፣ ተ፣ ከ፣ መ፣ ደ፣ ነ፣ በ፣ ተ ወጡ እንበል። አንዱ ተወዳዳሪ «ታንኳ» ብሎ ሦስት ፊደል ያገኛል፤ ሌላው «ደብተር» ብሎ አራት። ጠለቅ ብሎ ያየ «ትምህርት» ብሎ አምስት ይደርሳል፤ ሁለት ተ በመውጣቱ ነው ይህ የሚሆነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ከዚያ አንድ ብልህ ልጅ ተነሥቶ «በትምህርት» ይላል፤ ስድስት ፊደል። ተፎካካሪው «ከነትምህርቱ» ብሎ ሰባት ያደርሰዋል። ሁሉም ፊደላት ከወጡት ካርዶች ውስጥ አሉ፤ ቃሉም ማንም ሰው በየቀኑ የሚናገረው አማርኛ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን፣ አስቀድሞ የተነገረ ሕግ ስላልነበረ ዳኛው መከልከልም መፍቀድም አቅቷቸው፣ የተረፈው ሰዓት ሁሉ በክርክር አለቀ፤ ሁለቱም ልጆች ተበደልን ብለው ወጡ።

ሕጉ ይህ ይሁን፦ በተመረጠው መዝገበ ቃላት ውስጥ ራሱን ችሎ፣ መነሻ ሆኖ የተቀመጠ ቃል ብቻ ይቆጠራል። በ፣ ከ፣ ለ፣ የ፣ እንደ፣ ከነ የመሳሰሉት ከፊት ሲቀጠሉ፣ ኦች፣ ው፣ ም፣ አችን የመሳሰሉት ከኋላ ሲጨመሩ ተቀባይነት የላቸውም። ግሥ ከሆነ መዝገበ ቃላቱ በሚያስቀምጠው መልክ፣ ማለትም ሰበረ፣ መከረ፣ ነደደ ተብሎ ይነገር፤ ሰበርን ወይም ይመክራል አይሆንም። መጻሕፍትን የመሰለ የግዕዝ ብዙ ቁጥር መዝገቡ ለብቻው ካስቀመጠው ይፈቀድ። የሰውና የቦታ ስም አይፈቀድም፤ ጣናም ዘጌም ቢገጣጠሙ ነጥብ የላቸውም። ጥብቀትና ልልነት በጽሑፍ ስለማይታይ አይቆጠርም።

መዝገበ ቃላቱ አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ ሁለት ከሆኑ አንዱ የከለከለውን ሌላው ይፈቅዳል። እኔ የምመርጠው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያወጣውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ሌላ የሚይዝ ዳኛ የመጽሐፉን የፊደል ተራ አስቀድሞ ይለማመድ፤ በሀለሐመ የለመደ እጅ በአበገደ የተደረደረ መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ተመልካቹን ያስጠብቃል። የስልክ መዝገበ ቃላት ፈጣን ቢሆንም ምንጩ የማይታወቅ ስለሚበዛበት አልመክረውም።

ነጥብ አሰጣጥ

በእንግሊዝኛው ለአንድ ፊደል አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ዘጠኙንም የተጠቀመ 18 ያገኛል። በቁጥሩ በትክክል የደረሰ 10፣ እስከ 5 ልዩነት የቀረበ 7፣ እስከ 10 ልዩነት የቀረበ 5 ነጥብ አለው። ይህን እንዳለ ብንወስደው አማርኛው ይጎዳል፤ የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ ቃላችን አጭር ነው። አራት ወይም አምስት ፊደል ያለው ጥሩ ቃል ያገኘ ልጅ 4 ወይም 5 ነጥብ ይዞ፣ አንድ ስሌት ያገኘው 10 ሲወስድ ውድድሩ የሒሳብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል 2 ነጥብ ይሰጥ፤ ቃሉ ስድስት ፊደልና ከዚያ በላይ ከሆነ ለእያንዳንዱ ፊደል 3 ይሁን። ስድስት ፊደል ያለው ቃል 18 ያስገኛል ማለት ነው፤ ለድካሙም ይገባዋል።

በየዙሩ ነጥብ የሚያገኘው የበለጠው ብቻ ነው፤ እኩል ከሆኑ ሁለቱም ያገኛሉ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሁለቱም በመጀመሪያ የቃላቸውን ርዝመት ብቻ ይናገሩ፤ ከዚያ አጭሩን የያዘው ቃሉን ያስቀድም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ አጭሩን የያዘው የሌላውን ሰምቶ ሐሳቡን ለመቀየር ይፈተናል። ያሰቡትን ወረቀት ላይ መጻፍ ግዴታ ይሁን።

የቁጥሩ ዙር

24 ካርዶች ያስፈልጋሉ፦ 25፣ 50፣ 75 እና 100 አንድ አንድ፣ ከ1 እስከ 10 ያሉት ሁለት ሁለት። ተወዳዳሪው ከትልልቆቹ ስንት እንደሚፈልግ ይናገርና ስድስት ካርድ ይወጣል። ከ100 እስከ 999 ያለው ግብ በዕጣ ይውጣ፤ ለመቶው ቤት ከ1 እስከ 9፣ ለቀሩት ሁለቱ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው ሦስት ዕጣዎች በተመልካች እጅ ቢወጡ ማንም አይጠራጠርም። እያንዳንዱ ቁጥር የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ነው፤ ሁሉንም መጠቀም ግዴታ አይደለም፤ በየትኛውም እርምጃ ክፍልፋይ ወይም ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር መምጣት የለበትም።

ጀማሪ የሚወድቅበትን ቦታ በምሳሌ ላሳይ። 75፣ 25፣ 8፣ 7፣ 3 እና 2 ወጥተው ግቡ 583 ቢሆን፣ ብዙዎቹ 8 × 75 = 600፣ ከዚያ 600 − 25 = 575 ይሉና ስምንት ስለጎደለ 8 ጨምረው 583 ደረስን ይላሉ። 8ን ግን ሁለት ጊዜ ተጠቅመዋል። ትክክለኛው መንገድ 575 + 7 + 3 − 2 ነው፤ ወይም 7 × 2 + 3 = 17 ብሎ ከ600 መቀነስ ነው። ሁለቱም እኩል ዋጋ አላቸው። ስለዚህ የቁጥር ዳኛው ተወዳዳሪው ሲናገር ካርዶቹን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ጎን ያድርግ፤ የተነሣ ካርድ እንደገና ሲጠራ ሁሉም ያየዋል፣ ልጁም ያለ ንትርክ ይረዳዋል።

ተወዳዳሪዎቹና ዕለቱ

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የቋንቋ፣ ከፖሊ ግቢው የምህንድስና ተማሪ ማጋጠም ያጓጓል፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክረውም። አዳራሹ በግቢ ይከፈልና ልጆቹ ከጥያቄው ይልቅ ጩኸቱን መስማት ይጀምራሉ። ከአንድ ክፍል የመጡ ሁለት ጀማሪዎች ይሻላሉ። ነጥብ የሌለው አንድ የቃልና አንድ የቁጥር ዙር ያለማምዷቸው፤ ያለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በድንጋጤ ይባክናሉ። በቴሌቪዥኑ ሰዓቱ 30 ሴኮንድ ነው፤ በአማርኛው የፊደሉን ቤት መቀያየር ተጨማሪ ሐሳብ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ 45 ሴኮንድ ይስጡ። ሰዓት የሚይዘው ስልክ ጥሪ እንዳይገባበት ይዘጋ፤ የሚቀርጸው ስልክም ሌላ ይሁን። ለዙሩ ብዛት የ1982ቱ የመጀመሪያው አሠራር በቂ ነው፤ ስድስት የቃል፣ ሁለት የቁጥርና አንድ የማጠቃለያ ዙር ነበረው።

የማጠቃለያው ዙር

እዚህ ፊደላቱ የተደበላለቁበት አንድ ቃል ይቀርባል፤ ቀድሞ ደወል የመታ ይመልሳል፣ ከሳተ የቀረው ሰዓት የተፎካካሪው ነው፤ ዋጋው 10 ነጥብ ነው። በእንግሊዝኛው ቃሉ ዘጠኝ ፊደል አለው፤ በአማርኛ ስድስት ይበቃል። ከ፣ ረ፣ መ፣ ረ፣ ነ፣ ከ ቢቀርብ መልሱ መንኮራኩር ነው። ቃሉን ሲመርጡ ሌላ መልስ እንደሌለው አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ቤቱ ስለሚቀያየር ከደ፣ በ፣ ተ፣ ረ ደብተርም ደብተራም ይወጣል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጥያቄውን ከውድድሩ ውጪ ለሆኑ ሁለት ሰዎች ሰጥቶ መሞከር ይበቃል።

ነጥቡ እኩል ከሆነ ሌላ የተደበላለቀ ቃል ይቅረብ፤ ስለዚህ መጠባበቂያ ይያዙ። አሸናፊው በሚቀጥለው ጊዜ ከአዲስ ሰው ጋር ይቀመጣል። በቴሌቪዥኑ ስምንት ጊዜ ያሸነፈ ሳይሸነፍ ይሰናበትና ወንበሩ እንደገና ለሁለት ጀማሪዎች ይለቀቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚጫወት ትምህርት ቤት ግን ስምንቱን ቢጠብቅ ሁለት ወር ያህል አንድ ወንበር በአንድ ልጅ ይያዛል፤ ብዙ ተማሪዎች እንዲደርሳቸው ገደቡን አራት ማድረግ ይሻላል።