በስፓኒሽ ጊታር የራስን ዘፈን መጫወት፦ ከክር ምርጫ እስከ ባሕር ዳር መድረክ

ጎጃም ውስጥ አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ ቤቱን ሙሉ ሲይዝ ማየት ብርቅ አይደለም፤ አዝማሪው በማሲንቆው ሲያደርገው ኖሯል። በስፓኒሽ ጊታር የራሳችሁን ግጥምና ዜማ ይዛችሁ ልትወጡ ከፈለጋችሁ መንገዱ ያው ነው። ብዙ ጀማሪ ግን በተቃራኒው ይጀምራል፦ መጀመሪያ የስፔኑን የፍላሜንኮ ሙዚቃ ፈጣን ጣት ይለማመዳል፣ ከዚያ ዘፈኑን በላዩ ሊለጥፍ ይሞክራል። እዚህ የምንሄደው ከቅኝቱ ተነስተን ነው።

፩. ጊታሩና ክሩ

የምትፈልጉት የናይለን ክር ያለው ጊታር ነው። የዛሬውን ቅርፅና መጠን ያጸናው አልሜሪያ የተወለደው የስፔን ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (እ.ኤ.አ. ከ1817 እስከ 1892) ሲሆን፣ የክሩ ርዝመት እስከ ዛሬ በአብዛኛው 650 ሚሊ ሜትር ነው። በእሱ ዘመን ናይለን የለም፤ ቀጫጭኖቹ ክሮች እንደ በገናችን ከአንጀት የሚሠሩ ነበሩ። የናይለን የጊታር ክር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው።

ሱቅ ውስጥ የናይለን ክር ሲጠፋ የብረት ክር የሚገጥም ሰው አለ። አታድርጉት። የናይለን ስድስቱ ክሮች በአንድነት የሚስቡት 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ ብረቱ 70 ኪሎ ይደርሳል። ክሩ ታች የሚታሰርበት እንጨት ተገንጥሎ ይነሳል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስታገኙ ሁለት ሦስት እሽግ አስመጡና አስቀምጡ። በበጋ ደግሞ ጊታሩን ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቁት፣ ሻንጣው ውስጥ ይደር፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

፪. ጊታሩን ለቅኝታችን ማስገዛት

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። የተለመደው አቃኘት ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው። ምንም ሳትይዙ ስድስቱንም በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ውረዱባቸው። የሰማችሁት ድምፅ ሁሉ በሶል ላይ ከሚቆመው ሜጀር ትዝታ (ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ) ውስጥ ያለ ነው። ጊታሩ ባዶ እጁን ትዝታ ያውቃል ማለት ነው።

አሁን ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ የሚሉትን አምስት ድምፆች አውጡ። ሚ ላይ ካረፋችሁ አምባሰል ነው። እነዚያኑ ድምፆች ይዛችሁ ላ ላይ ብታርፉ ደግሞ ማይነር ትዝታ ይሆናል። የፍላሜንኮ ጊታር ተጫዋቾችም ብዙ ጊዜ የሚያርፉት ሚ ላይ ነው፤ ፋ ከላዩ በግማሽ ድምፅ ተጠግታ ትቆማለች። የስፔን ጊታር ለጎጃም ጆሮ ባዕድ የማይመስለው ለዚህ ይመስለኛል።

ችግሩ ኮርዱ፣ ማለትም በአንድነት የሚመቱት ድምፆች፣ ነው። ስፔኖች የሚወዱት አወራረድ ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ ሜጀር ነው (ኤ ማለት ላ፣ ጂ ሶል፣ ኤፍ ፋ፣ ኢ ሚ ነው)። ጂ ሲመጣ ሶልና ሬን ይዞ ይመጣል፣ ኢ ሜጀር ደግሞ ሶል ሻርፕን (ከሶል በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለውን)። ሦስቱም ከአምስቱ ድምፅ ውጭ ናቸው፤ አምባሰል እየዘፈናችሁ ከሥር ሲመቱ ዜማው ወዲያው ስፔን ይገባል። ስለዚህ በሦስት ኮርድ ብቻ ጀምሩ።

ኤ ማይነርን ያዙ (ክር የሚቆጠረው ከቀጭኑ ጀምሮ ነው፤ ፍሬት በአንገቱ ላይ በብረት የተከለለው እያንዳንዱ ክፍል ነው)፦ መሃል ጣት አራተኛው ክር ላይ፣ የቀለበት ጣት ሦስተኛው ላይ፣ ሁለቱም ሁለተኛ ፍሬት፤ ሌባ ጣት ሁለተኛው ክር አንደኛ ፍሬት። አሁን ሁለቱን ጣቶች ሳታነሱ ሌባ ጣትን ብቻ አንስታችሁ አምስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ አሳርፉ። ስድስቱም ክር ሲመታ የሚሰማው ሚ፣ ላ እና ሲ ብቻ ነው፤ የአምባሰል ማረፊያችሁ ይኸው። ሦስተኛው ኤፍ ሜጀር ሰባት ነው፦ ከኤ ማይነር ተነስታችሁ ሌባ ጣት ባለበት ይቆይ፣ የቀለበት ጣት አራተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ መሃል ጣት ሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ይሂዱ፤ አንደኛው ክር ባዶውን ይጩህ፣ ሁለቱን ወፍራሞች አትንኩ። ከአምስቱ ድምፅ የሚወጣ አንድም የለም። ጂ እና ኢ ሜጀርን ድምፃችሁ ዝም ላለበት መሸጋገሪያ አቆዩአቸው፤ እዚያ ያምራሉ።

አንቺሆዬን በኮርድ ማጀብ አልመክርም። ዜማውን በነጠላ ክር ተከተሉት፣ ይበቃል።

የዜማው ከፍታ ለድምፃችሁ ካልተስማማ አቃኘቱን አትቀይሩ፣ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንገቱ ላይ የሚጫን ማሰሪያ) እሰሩ። ሁለተኛ ፍሬት ላይ ስታስሩት አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ይላል፣ አያያዙ ግን ያው ነው።

፫. ቀኝ እጅ

ችክችካን በስድስት ቁጠሩ። አውራ ጣት አንድና አራት ላይ በኮርዱ ከሚመቱት ክሮች ወፍራሙን ይምታ፤ ሌባ፣ መሃልና የቀለበት ጣት በአንድነት ሦስትና ስድስት ላይ ቀጫጭኖቹን ይሳቡ። ሁለትና አምስት ባዶ ናቸው። እግር እስኪንቀሳቀስ ድረስ በዝግታ፣ ከሰው ጋር እያወራችሁ እንኳን እስኪሄድ ድረስ ተለማመዱት። ለምን እንደምል መድረክ ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ጣቶችን ከትንሿ ጀምሮ በየተራ እየዘረጉ በጥፍር ክሩን መግረፍ ራስጌያዶ ይባላል። ለስንኝ መጨረሻ ብቻ አስቀምጡት። የጊታሩን ሆድ በጣት መታ ማድረግም አለ፤ የፍላሜንኮ ጊታር ለዚህ መከላከያ ልባጥ አለው፣ የእናንተው ከሌለው ቀለሙ ይላጣል። ደግሞም ጎጃም ውስጥ አጨብጫቢ አይጠፋም።

፬. ግጥሙን ማስቀመጥ

የወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ ለዚህ ምት ይመቻል፦ በስንኝ 12 ቀለም፣ ከስድስተኛው በኋላ ዕረፍት። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ይዘን አንድ ብንሞክር፦

ዓባይ ማዶ ሆነሽ፣ ድልድዩ ተሠራ፤
እኔ ልሻገር ነው፣ አንቺ ከማን ጋራ?

ሰሙ መሻገር ነው፤ ወርቁን ጠያቂው ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ሐረግ በኤ ማይነር፣ ሁለተኛውን በኤፍ ሜጀር ሰባት ያዙ። በሁለተኛው ስንኝ ወደ ኤ ማይነር ተመለሱና «ጋራ» ላይ ማረፊያውን ጣሉት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዙር አትዝፈኑ፣ ጊታሩ ብቻውን ይሂድ። ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ቤት ባለበት አገር ወርቁን ሳይፈታ የሚያልፍ አድማጭ ጥቂት ነው፤ ለመሳቅ ግን ፋታ ይፈልጋል።

፭. መድረክ ላይ

አዲስ ክር መርገቡ አይቀርም፤ ከዝግጅቱ ሳምንት ቀድማችሁ ግጠሙ። ከደብረ ማርቆስ ብርድ ተነስታችሁ ባሕር ዳር ሙቀት ውስጥ ስትገቡ ቅኝቱ ይናጋል፣ ስለዚህ ጊታሩን ከሻንጣው አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉትና ከዚያ ቃኙ።

ጊታሩ ፒክአፕ (በራሱ ላይ የተገጠመ ድምፅ ማንሻ) ከሌለው ማይኩን ወደ ቀዳዳው አታዙሩት፤ ይጎርፋል፣ ይጮኻል። አንገቱና ሆዱ ወደሚገናኙበት፣ ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት አካባቢ አንድ ስንዝር ያህል አርቁና አቁሙት። አሁንም ከጮኸ የድምፅ ባለሙያው ድምፁን ከመቀነሱ በፊት ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ይቀንስላችሁ፤ የጊታር ሆድ በራሱ የሚያስተጋባው 100 ኸርዝ አካባቢ ነውና የሚጮኸውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

በመሃል «ተቀበል!» የሚል ይነሳል፣ ግጥም ይሰጣችኋል። እንግዲህ ያ በወሬ መሃል የማይቆም ቀኝ እጅ የሚያስፈልገው አሁን ነው። በኤ ማይነርና በማረፊያው መካከል ተመላለሱ፣ ሰውየውን እያያችሁ ስንኙን ሙሉ አድምጡ፣ ከዚያ መልሱለት። ስንኙ ከ12 ቀለም ቢበልጥ አትደናገጡ፤ ምቱን አትስበሩ፣ ቃሉን አጣድፉት። ሽልማት ሊለጥፍ የሚመጣ ካለ ግንባራችሁን ስጡት፣ እጃችሁን አይደለም።

መብራት ከሄደ ጄነሬተሩን ተቀምጣችሁ አትጠብቁ። ወንበራችሁን ወደ ፊተኛው ጠረጴዛ አስጠጉና በነጠላ ክር የሚሄደውን ዘፈን አንሱ፤ የናይለን ጊታር ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ያለ ማይክ ይሰማል። ከዚያ በፊት ግን ባለሙያው የሚክሰሩን ድምፅ ዝቅ እንዲያደርግ ንገሩት፤ መብራቱ ሲመለስ ስፒከሩ በድንገት እንዳይፈነዳባችሁ።