የድግስ ወጥ በትልቅ ድስት አይደር

እዚህ ጎጃም ሠርግም ሆነ ተዝካር ሲኖር የተረፈው የሥጋ ወጥ እዚያው ትልቁ ድስት ውስጥ ተከድኖ ያድራል። እባካችሁ ይሄን እንተወው።

ትልቅ ድስት ቶሎ አይበርድም። ላዩ ቀዝቅዞ መሃሉ ለብ እንዳለ ለሰዓታት ይቆያል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቻል። አንዳንዶቹ ፍላቱን ችለው ያልፉና ወጡ ለብ ሲል ይራባሉ። ሽታውም ጣዕሙም ላይቀየር ስለሚችል «ቀመስኩት፣ ደህና ነው» ማለት አያዋጣም።

ወጡን ወዲያው ሰፋፊ ሳህን ላይ ስስ አድርጋችሁ ገልብጡት። ሳህኑን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጡና በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት። ፍሪጅ ከሌለ በትኩሱ ለጎረቤት ማካፈል ይሻላል። ደብረ ማርቆስ ብርድ ነው ብላችሁ አትተማመኑ፤ ጓዳው እንደ ፍሪጅ አይቀዘቅዝም።

በማግስቱ እስኪንተከተክ አሙቁት። ግን ማሞቅ ሁሉንም አያድንም፤ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በፍላት አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰው እጅ ነው። ጣቷ የቆሰለ ወይም ያመረቀዘ ሴት ካለች፣ የቱንም ያህል ባለሙያ ብትሆን፣ የዛን ቀን ምግብ ባትነካ ጥሩ ነው።

ከበሉ በኋላ ደም ያለው ተቅማጥ ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ከመጣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ።