መኪናችሁን ያለ ደላላ ራሳችሁ ስትሸጡ

ብሩ አካውንት ሲገባ ሽያጩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። አላለቀም። መኪና ተሸጠች የሚባለው ሊብሬው ላይ የሌላ ሰው ስም ሲሰፍር ነው። ይህን ለመማር አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጅቶብኛል። እንዴት እንደሆነ ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ የራሴን ሁለት፣ የእህቴን አንድ መኪና ያለ ደላላ ሸጫለሁ። ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ኮድ 2 የቤት መኪናውን በቀጥታ ለግለሰብ መሸጥ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ደላላ አይጠቅምም አልልም። ጊዜ ለሌለው ሰው ይጠቅማል። ግን ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ይወስዳል። በ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር በተሸጠች መኪና ላይ ይህ 30 ሺህ ብር ነው። ሁለት ቅዳሜ መስጠት ከቻላችሁ ብሩ ቤታችሁ ይቀራል።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሊብሬውን አውጡና መታወቂያችሁ አጠገብ አስቀምጡት። ስማችሁ በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ አሁኑኑ አስተካክሉ። ገዢ ይዛችሁ መስኮት ላይ ከቆማችሁ በኋላ ማስተካከል ሌላ መከራ ነው። ቦሎው የዘንድሮ ይሁን። የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም ያላለፈበት ይሁን። በባንክ ብድር የገዛችኋት ከሆነ ዕዳው ማለቁ ብቻ አይበቃም፤ እገዳው እንዲነሳ ባንኩ የሚጽፈውን ደብዳቤ አስፈጽሙ። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለም ክፈሉት።

ቀጥሎ ኮፋኖውን ክፈቱ። በቤንዚን በራሰ ጨርቅ የሻንሲ ቁጥሩን ጥረጉት። ቅባቱና አቧራው ሲለቅ ፊደሎቹና ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ሊብሬውን በአንድ እጅ ይዛችሁ በሌላው ጣት እየተከተላችሁ አመሳክሩ። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። ጎረቤቴ ሞተሩ የተቀየረ መኪና ገዝቶ አራት ዓመት ነዳ። ሊሸጥ ሲል የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አልገጥም አለ። ገዢው ሌላ መኪና ገዛ፤ እሱ ቁጥሩን ለማስተካከል ወራት ፈጀበት።

ባለትዳር ከሆናችሁ ሌላም ጉዳይ አለ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ባለትዳሮች ስምምነት እንዲኖር ያዝዛል። ሊብሬው በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢሆንም ባለቤታችሁ አብረዋችሁ ይፈርማሉ። ውጭ አገር ከሆኑ ውክልናው በኤምባሲ በኩል ተሠርቶ፣ እዚህም ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ መምጣት አለበት። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ገዢ ከመፈለጋችሁ በፊት ጀምሩት። ያላገባችሁ ደግሞ ያላገባ ማስረጃ ከወረዳችሁ አውጡ።

ዋጋ

ጓደኛችሁ ከዓመታት በፊት የሸጠበትን ዋጋ እርሱት። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በኋላ የድሮ ዋጋ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ይልቅ በዚህ ሳምንት ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የተለጠፉ፣ የእናንተን የምትመስል ሞዴል ያላቸው አሥር መኪኖች ፈልጉ። የተለጠፈው የተጠየቀው ዋጋ ነው፤ የተሸጠበት አይደለም። ስለዚህ ለሁለት ሦስቱ ደውሉና እንደ ገዢ ጠይቁ።

ማሳየት

መኪናዋን እጠቡ፣ ውስጧን አጽዱ። ሞተሩን ግን ገዢ በሚመጣበት ጠዋት አታሳጥቡ። የታጠበ ሞተር ያየ መካኒክ «ዘይት የሚያፈስበት ቦታ አለ» ብሎ ይጠራጠራል፤ ይህም እውነቱን ነው። ፎቶውን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይከር አንሱ። የተጫረውን ፓራውልትም አንሱት። እዚያው ፎቶ ላይ ያየውን ጭረት ይዞ መጥቶ ዋጋ የሚያስቀንሳችሁ ሰው የለም። የሊብሬውን ፎቶ ግን ለማንም አትላኩ።

ስልክ የሚደውለው ሁሉ «መጨረሻው ስንት ነው?» ይላችኋል። መኪናዋን ሳያይ መጨረሻ የሚባል ዋጋ የለም። «መጥተው ይዩዋት፣ እንነጋገራለን» በሉ። ሊገዛ የፈለገ ይመጣል።

ገዢው ሲመጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። መኪና የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ እጁን ኮፋኖው ላይ ያሳርፋል፤ ሞቆ ካገኘው «ለምን አስቀድመው አስነሱት?» ይላል። ራሱ ያስነሳት፣ ይስማት። መካኒክ ይዞ ቢመጣ ደስ ይበላችሁ። ወደ መረጠው ጋራዥ ሄዶ ኮምፒውተር ላስነብብ ቢልም እሺ በሉ። ሲነዳ ግን አጠገቡ ተቀመጡ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም መንጃ ፈቃዱን እዩ። ቁልፍ ሰጥቶ «ዞር በላት» ማለት የለም። የምታውቁትን ችግር ሳትጠየቁ ተናገሩ። የእህቴን መኪና ስሸጥ ገዢውን «ፍሪሲዮኑ ወደ ማለቁ ነው» አልኩት። ትንሽ አስቀነሰኝ፤ ሌላ አልተከራከረም። በማግስቱ ቀብድ አመጣ።

ቀብዱን በጽሑፍ አድርጉት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጪው ከከዳ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከከዳ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ከተቀበላችሁ በኋላ ሌላ ሰው ቢጨምርላችሁም አትንቀሳቀሱ። የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚከፍልም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ ገዢው ነው የሚከፍለው፤ ነገር ግን ካልተጻፈ መጨረሻው ላይ ጭቅጭቅ ነው።

ውክልና አትስጡ

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልምጣ። በ2009 የመጀመሪያዋን ቪትዜን ሸጥኩ። ገዢው ትሁት ልጅ ነበር። ሳይከራከር ሙሉውን ከፈለኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ አሁን ስም ማዛወሩ ወጪው በዝቶብኛል። ለጊዜው ውክልና ይስጡኝ፣ ቀስ ብዬ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። ብሩን ይዣለሁ፣ ምን አገባኝ አልኩ። መሸጥ መለወጥ የሚያስችል ውክልና ሰጠሁት።

ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ስልክ ተደወለ። ከሌላ ከተማ የደወለ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ታርጋውን ነገረኝና «የእርስዎ መኪና ናት?» አለ። «ሸጫታለሁ» አልኩ። «መዝገቡ የእርስዎ ናት ይላል» አለኝ። መኪናዋ ባጃጅ ገጭታ የባጃጁ ሹፌር እግሩ ተሰብሯል።

በማግስቱ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ የፊት መስታወቷ ተሰነጣጥቋል። የኋላ መስታወቷ ላይ ግን ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ የለጠፈቻት ሰማያዊ ቢራቢሮ እንዳለች ነበረች። ገዢው መኪናዋን በዚያው ውክልና ለሌላ ሰው አስተላልፏታል። ኢንሹራንሷ ካለፈ አራት ወሩ ነው። የገዢው ስልክ አይሰራም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሲነዳ የነበረው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ይህን አንቀጽ ያወቅኩት ያን ሳምንት ነው።

የተጎዳውን ሰው ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኩት። እግሩ በጀሶ ታስሮ ተሰቅሏል። «አንተ እንዳልነዳህ አውቃለሁ» አለኝ። «ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ስምህ ነው።» መልስ አልነበረኝም። የሕክምናውን ብር ከፈልኩ። ነገሩ በሽማግሌ እስኪያልቅ ሰባት ወር ተመላለስኩ። ከገንዘቡ ይልቅ ያ ሰው አልጋ አጠገብ የቆምኩበት ሰዓት ነው እስካሁን የሚመጣብኝ።

ስለዚህ ገዢው ምንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን፣ ምንም ያህል ቢጨምርላችሁ፣ የሽያጭ ውል እንጂ ውክልና አትፈርሙ። «ወጪው በዛብኝ» ካለ ከዋጋው ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ ስሙን ቢያዛውር ይሻላል። ዘመድ ነው ብላችሁም አትለፉት። ዘመዳችሁ ነገ ለማያውቁት ሰው ይሸጣታል።

ክፍያና ፊርማ

የሽያጭ ውሉ ውልና ማስረጃ ነው የሚፈረመው። ሁለታችሁም መታወቂያ፣ ሊብሬውን፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ይዛችሁ በጠዋት ሂዱ።

ውሉ ላይ ሻጩ ገንዘቡን ተቀብያለሁ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ሳትቀበሉ እሱ ላይ መፈረም ብሩን በነፃ መስጠት ማለት ነው። ለእኔ የሚሻለው ሁለታችሁም አንድ ባንክ ገብታችሁ ከአካውንቱ ወደ አካውንታችሁ ማዘዋወር ነው። በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ፣ ከሆነ ሲፒኦውን የሠራው ቅርንጫፍ ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ገዢው የሚያሳያችሁን የስልክ ስክሪን አትመኑ። ገብቷል የሚል መልእክትም በቀላሉ ይፈበረካል። የራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ ቀሪ ሂሳቡን እዩ።

የርክክቡ ቀንና ሰዓት ውሉ ላይ ይጻፍ። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀይ መብራት ቢጣስ የማን እንደሆነ የሚለየው ያ መስመር ነው።

ከፊርማው በኋላ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተጨባብጦ ይለያያል። እኔ አልለይም። ከገዢው ጋር መንገድ ትራንስፖርት ድረስ አብሬ እሄዳለሁ። የቴክኒክ ምርመራ ካለ መኪናዋ አጠገብ እቆማለሁ፤ የጎደለ ወረቀት ካለ እዚያው ይሟላል። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ አንዳንዴም በማግስቱ ተመለሱ ይባላል። ይህን ለገዢው ከቀብዱ ቀን ጀምሬ እነግረዋለሁ። «አይመችም» ያለ ገዢ አንድ ጊዜ ገጥሞኛል፤ ቀብድ ሳልቀበለው ሸኘሁት።

የውሉን አንድ ቅጂ ቤት አስቀምጡ። የኢንሹራንስ ድርጅታችሁም መኪናዋ እንደተሸጠች ይወቅ። ከኪሶቿና ከመቀመጫ ሥር ያሉ ዕቃዎቻችሁን፣ ስማችሁ ያለባቸውን ደረሰኞች አውጡ። አዲሱ ሊብሬ ሲወጣ ገዢው ስሙ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ቃል አስገቡት። በሁለት ሳምንት ካልላከ ደውሉለት። በሦስተኛው ሳምንትም ካልላከ ቤቱ ድረስ ሂዱ።