ከተማ መገንቢያ ጌም ለምትጫወቱ፣ ከቤቱ በፊት መንገዱ

ጀማው ሲቲስ ስካይላይንስ የምትጫወቱ ካላችሁ ይቺን ያዙልኝ፣ ቤት መደርደር ሳትጀምሩ የከባድ መኪናውን መንገድ ለዩ። ደሴን አስቡት፣ ሲኖትራኩ መሀል ከተማ ከባጃጁና ከታክሲው ጋር ሲጋፋ ምን እንደሚመስል የምናውቀው ነው፣ ጌሙም ላይ የሚዘጋው እንደዛ ነው። ስለዚህ ኢንዱስትሪውን ልክ እንደ ኮምቦልቻ ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ለብቻው አድርጉትና መውጫውን በቀጥታ ከሃይዌዩ ጋር አገናኙለት፣ የጭነት መኪና መኖሪያ ሰፈር ጭራሽ እንዳይረግጥ።

ተዳፋት ላይ ግሪድ (ቀጥ ቀጥ ብሎ እንደ መረብ የሚቆራረጥ መንገድ) አታስገድዱ፣ መንገዱ የዳገቱን ወገብ ይዞ ጠምዘዝ እያለ ይሂድ፣ በጣም ነው የሚያምረው። ሜዳ ላይ ግን ግሪድ ይሻላል፣ በመጀመሪያው ሲቲስ ስካይላይንስ ዞን የሚደረገው፣ ማለትም ለቤት፣ ለሱቅ ወይም ለኢንዱስትሪ ተብሎ ቦታ የሚመደበው፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ 4 ካሬ (ጌሙ መሬቱ ላይ የሚያሳያቸው ትንንሽ ሳጥኖች) ድረስ ብቻ ስለሆነ በሁለት ትይዩ መንገዶች መሀል 8 ካሬ ተዉ፣ ከዛ ካሰፋችሁት መሀሉ ባዶ ይቀራል።

ደግሞ አደራ፣ የፍሳሹ ቱቦ ከውሃ መሳቢያው በታች ወንዙ በሚወርድበት በኩል ይሁን፣ አለዚያ ህዝቡ ባንዴ ነው የሚታመመው።