የኮስሞቲክስ ቦክስ ሰብስክሪፕሽናችሁ ፖሊሲ ሲቀይርባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?
"ፖሊሲ ቀይረናል" የሚል ኢሜይል በየጊዜው እያስከፈለ የመዋቢያ ዕቃ በሳጥን ከሚልክላችሁ ድርጅት ሲመጣ ብዙ ሰው ወይ ሳያነበው ያልፈዋል ወይ ተናዶ ኮሜንት ላይ ይጮሃል፣ ሁለቱም ብራችሁን አያስመልስም። መጀመሪያ አዲሱ ህግ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሰራና ቀጣዩ ክፍያ ከካርዳችሁ መቼ እንደሚቆረጥ እዩ፣ ካንስል የምታደርጉ ከሆነ ከዛ ቀን በፊት ይሁን፣ ከተቆረጠ በኋላ ሪፈንድ መጠየቅ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የዓመት ከፍላችሁ ከሆነ ደሞ የቀሩት ቦክሶች በድሮው ህግ ይመጡ እንደሆነ በጽሁፍ ጠይቁ፣ መልሱን ስክሪንሾት አድርጉ። ከድርጅቱ የምትመልስላችሁን ልጅ ግን አትስደቧት፣ ህጉን እሷ አላወጣችውም። ያጠራቀማችሁት ፖይንት ካለ ቀድማችሁ ተጠቀሙበት፣ አካውንቱ ሲዘጋ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። እና እባካችሁ፣ አፑን ማጥፋት ብቻ ሰብስክሪፕሽኑን አያቆመውም፣ የካንስል ማረጋገጫ እስኪደርሳችሁ አልቆመም ብላችሁ ያዙት።