እማዬን ይዘን ወደ ወይን እርሻ፦ ከአሌክሳንድሪያ ደርሶ መልስ

እናቴ ጎንደር ውስጥ ለሠርግም ለክርስትናም ጠጅ ስትጥል የኖረች ሴት ናት። ባለፈው ዓመት እኛ ዘንድ፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ መጥታ ሁለት ወር ሙሉ ያየችው አፓርታማችንን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ሞሉን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ቡና እያፈላች «እዚህ አገር ገበሬ የለም እንዴ?» አለችኝ። ነገሩ ከነከነኝ። በሳምንቱ ቅዳሜ እሷን፣ ባለቤቴንና ሦስቱን ልጆቻችንን ጭኜ ወደ ወይን እርሻ ወጣን። እናንተም እናት ወይም አባት መጥተውላችሁ «የት እናዙራቸው?» እያላችሁ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ቅርቡ የቨርጂኒያው ላውደን ካውንቲ ነው። ከ40 በላይ የወይን ጠጅ አምራቾች እዚያ አሉ። ከአሌክሳንድሪያ ሩት 7 በሚባለው አውራ ጎዳና ሊስበርግን አልፋችሁ እስከ ብሉሞንት ብትነዱ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ጂፒኤሱ ግሪንዌይ በሚባለው መንገድ ሊወስዳችሁ ይችላል። እሱ ክፍያው ውድ ነው፤ ሩት 7 ግን ነጻ ነው። ብሉሞንት ስትደርሱ የብሉ ሪጅ ተራራ ፊታችሁ ይደቀናል። እማዬ እዚያ ስትደርስ መስኮቱን አውርዳ ዝም አለች። አገሯን ያየች መሰላት።

ቦታ ስትመርጡ ስለ ወይኑ ጣዕም ከመጨነቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጅ ይገባል ወይ? አንዳንዶቹ ዕድሜው 21 ያልሞላ ሰው ጭራሽ አያስገቡም። ከውጭ ምግብ ይፈቀዳል ወይ? ለስንት ሰው ቀጠሮ ያስፈልጋል? የመጨረሻውን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ከዚያ በፊት አንዴ ከጓደኞቻችን ጋር ዐሥራ አንድ ሆነን ሳንደውል ሄደን በር ላይ መለሱን። ልጆቹ ርቧቸው እያለቀሱ ነዳጅ ማደያ ሳንድዊች ገዝተን ተመለስን። ከስድስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ግድ የላችሁም፣ ቀድማችሁ ደውሉ።

ጊዜውን ለመምረጥ የእኛን ቀን መቁጠሪያም ማየት ያስፈልጋል። ነጩ ወይን በኦገስት አጋማሽ መለቀም ይጀምራል፤ ግን ያን ጊዜ ፍልሰታ ነው። ከኦገስት 7 እስከ 21 እናቶቻችንን ወደ ግብዣ መጎተት ደግ አይደለም። ኦክቶበር ቅጠሉ ሲቀላ ያምራል፤ ሕዝቡ ግን ቅዳሜና እሑድ መቆሚያ ያሳጣል። ለኔ የሚሻለው ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ነው። ቀዩ ዘለላ ገና ሐረጉ ላይ ነው፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ቅዳሜ በሩ እንደተከፈተ ድረሱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሂድ ካላችሁ ከሰዓት ነው የምትደርሱት፣ ያኔ ጥላ ያለው ጠረጴዛ ሁሉ ተይዟል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ስትደርሱ በቀጥታ ወደ መቅመሻው አትግቡ። መጀመሪያ ወደ ሐረጉ ሂዱ። ሰው ካልበዛባቸው «እናቴ ገበሬ ናት፣ ማየት ትፈልጋለች» ብላችሁ ጠይቁ። እኛን አንድ ወጣት ሠራተኛ ደስ ብሎት አዞረን። ወይኑ በሽቦ ላይ ተደግፎ በመስመር ተተክሏል። ዙሪያው የአጋዘን አጥር ነው፣ ዘለላው ላይ ደግሞ ለወፍ መከላከያ መረብ አለ። በዘለላው ዙሪያ ያለው ቅጠል ተነቅሏል። እማዬ ወዲያው «ለምን ገፈፉት?» አለች። የቨርጂኒያ ሰመር ወበቅ ነው፤ ነፋስና ፀሐይ ካልገባ ፍሬው ይሻግታል። እሷም «እህ» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ልጆቹን የያዛቸው የሥሩ ታሪክ ነው። ቶማስ ጀፈርሰን ሞንቲቼሎ በሚባለው እርሻው የአውሮፓ ወይን ለማብቀል ደጋግሞ ሞክሮ አልተሳካለትም። በዚህ አገር አፈር ውስጥ ፊሎክሴራ የምትባል ትንሽ ተባይ አለች፣ የአውሮፓውን ወይን ሥር ትበላለች። የአሜሪካው ሥር ግን ይቋቋማታል። ስለዚህ ዛሬ የአውሮፓው ቅርንጫፍ ተቆርጦ በአሜሪካው ሥር ላይ ይጣበቃል። ሠራተኛው የተጣበቀበትን እብጠት አሳየን። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ግንድ እያጎነበሰ ያንን እብጠት ሲፈልግ ዋለ። ፍሬ ግን ሳይፈቀድላችሁ አትቅጠፉ፤ መድኃኒት የተረጨበትም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ መጥመቂያውን ለማየት ጠይቁ። እዚያ ነው እናቴ መምህር የሆነችው። ሠራተኛው ያን ቀን የተጨመቀ ጭማቂ በብርጭቆ ቀዳላት። ቀምሳ «ይሄማ ገና ብርዝ ነው» አለች። ልክ ናት። ስኳሩ ገና ወደ አልኮል አልተለወጠም፤ ልጆቹም ጠጡት። ቀጥላ «ጌሾውስ የታል?» አለች። እኔ አስተረጎምኩ። ጌሾ የለም፤ የሚያፈላው እርሾ ነው፣ የምትጎመዝዘዋ ነገር ከልጣጩና ከፍሬው ዘር ትመጣለች። ቀለሙም ከልጣጩ ነው። ነጩ ወዲያው ተጨምቆ ከልጣጩ ይለያል፣ ቀዩ ከነልጣጩ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈላል። እሷም በተራዋ የቅዳሴው ወይን በአገሯ ከዘቢብ እንደሚዘጋጅ ነገረችው። ሠራተኛው ስልኩን አውጥቶ መዘገበ። ወላጆቻችሁን እንዲህ ካለ ሰው ጋር አገናኟቸው። ማስተርጎም አይታክታችሁ፤ የቀኑ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

መቅመስ አጭር ነገር ነው። «ፍላይት» ይሉታል፦ አራት አምስት ዓይነት በትንሽ በትንሹ ይቀዳል። እኔና እማዬ አንድ አዝዘን ለሁለት ተካፈልን። በርበሬ የለመደ አፍ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከቪዮኜ ጀምሩ። በ2011 የቨርጂኒያ መለያ ወይን የተባለ ነጭ ወይን ነው፣ ሽታው የኮክ ነው። ከቀዩ ካበርኔ ፍራንክ ለስላሳ ነው። የማትወዱትን መድፊያ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ መድፋት ነውር አይደለም። የሚነዳው ሰው ግን ምንም አይቅመስ። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም፣ ልጆቻችን ናቸው ከኋላ ያሉት። ባለቤቴ ያን ቀን ውኃ ብቻ ጠጣ። ተከፍቶ የተረፈ ጠርሙስ ካለ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ትራንክ ውስጥ አስገቡት።

ምግብ ከተፈቀደላችሁ ድፎ ዳቦ፣ አይብና በፔርሙስ የሞቀ ጥብስ ፍርፍር በቂ ነው። ዶሮ ወጥ ይዤ ሄጄ አይቻለሁ፤ ከቀይ ወይን ጋር አፍ ያቃጥላል፣ የወይኑ ጉምዛዜና አልኮል በርበሬውን ያባብሰዋል። ቀዝቃዛ ነጭ ይሻላል። የራሳችሁን መጠጥ ግን በፍጹም ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ ቢራም ይሁን ጠጅ። የቨርጂኒያ ሕግ አይፈቅድም። እማዬ ለሠራተኛው ልታስቀምሰው ያመጣችው ጠጅ መኪና ውስጥ ቀረ። ድፎውን ግን ቆርሳ ሰጠችው፣ ሁለተኛም ጠየቀ።

ለትልልቅ ሰዎች ጠጠሩና ዳገቱ ያስቸግራል። እስከ በሩ ድረስ በመኪና አድርሷቸው፣ ወፍራም ጫማና ጋቢ ያዙላቸው። ልጆች ሣር ውስጥ ከተጫወቱ ማታ እግራቸውንና ብብታቸውን ፈትሹ፤ በቨርጂኒያ መዥገር በሽታ ታስተላልፋለች። ሴፕቴምበር ላይ ተርቦች ጭማቂ ይወዳሉ፣ የልጆቹን ብርጭቆ ክደኑ። ገጠሩ ውስጥ ስልክ ሊጠፋ ይችላል፣ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። አንድ እርሻ ለቀኑ ይበቃል፤ ሁለት ሦስት ለማዳረስ አትሩጡ። ጊዜ ከተረፋችሁ ብሉሞንት ውስጥ ግሬት ካንትሪ ፋርምስ አለ፣ ልጆች እንደ ወራቱ ፍሬ በእጃቸው ይለቅማሉ። የእኛዋ የአራት ዓመቷ እዚያ ነው ደክሟት የተኛችው።

ጠርሙስ ከገዛችሁ በሞቀ መኪና ውስጥ አታሳድሩት፣ ይበላሻል። አገር ቤት ለሚመለስ ሰው የምትልኩ ከሆነ በእጅ ሻንጣ አይሆንም፣ በሚጫነው ሻንጣ መሃል ልብስ ውስጥ ቅበሩት። እማዬ አንዱን ቪዮኜ በሁለት ነጠላ ጠቅልላ ወሰደች። ጎንደር ደርሳ ስትደውል መጀመሪያ ያለችኝ «ጠርሙሱ ደህና ገብቷል» ነው።