መብራት ሄዶ ሲመጣ የስሱ መዳብ ሬዚስታንስ ለምን ጨመረ?

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለች ትንሽ ቤተ ሙከራ ነው። መስታወት ላይ 20 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) መዳብ በቫኪዩም፣ ማለትም አየሩ በፓምፕ በወጣበት ዕቃ ውስጥ፣ እንለብጣለን።

ምልክቱ

የሽፋኑን ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመቋቋም መጠኑን) እዚያው ቫኪዩሙ ውስጥ ለካነው፤ ደህና ነው። መብራት ሄደ። ፓምፑ ቆመ። መብራት ሲመጣ ማንም ያልነካው ሽፋን ሬዚስታንሱ ጨምሮ ጠበቀን። ሜትሩን ጠረጠርን። ሁሌም የሚታማው እሱ ነው፣ ምስኪን።

መጀመሪያ ቀላሉን አጣሩ

ሙቀት አንዱ ነው። የመዳብ ሬዚስታንስ በአንድ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የጠዋቱን ብርድ ከቀትሩ ፀሐይ ጋር አታወዳድሩ። ሽቦው የሚነካበት ቦታም ያታልላል፤ በአራት ሽቦ ለኩ፤ ሁለቱ ከረንት ያስገባሉ፣ ሁለቱ ቮልቴጅ ይለካሉ።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ነገሩ የሽፋኑ ገጽ ላይ ነው።

መንስኤው

መዳብ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን በክፍል ሙቀት ሳይጋጭ በአማካይ 39 ናኖሜትር ገደማ ይሄዳል። የእኛ ሽፋን ውፍረቱ 20 ነው። ስለዚህ ከላይና ከታች ያለውን ገጽ ደጋግሞ ይመታል። ብይ አግድም አንከባላችሁ ለስላሳ ግድግዳ ብታስመቱ ነጥራ ወደፊት ትቀጥላለች። ግድግዳው ላይ ጠጠር ከተለጠፈ ግን ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም፤ ወደ ኋላም ልትመለስ ትችላለች። ኦክስጅን፣ የውሃ ሞለኪውል፣ ከፓምፑ የሚመለስ የዘይት ትነት፣ ሁሉም ገጹ ላይ ሲቀመጡ ጠጠር ናቸው። ኤሌክትሮኑን ይበትኑታል፤ ሬዚስታንስ ይጨምራል።

ይሄ መበታተን በዓይን ታይቷል ማለት ይቻላል። በ1993 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች መዳብ ላይ 48 የብረት አቶሞችን በክብ ደረደሩ። ክቡ ውስጥ የኤሌክትሮኖቹ ሞገድ ድንጋይ እንደተጣለበት ኩሬ ተከባብሎ ታየ። እኔ ያንን ምስል ሳየው እስካሁን ይገርመኛል።

ብዙ ጋዝም አያስፈልግም። በአንድ ሚሊዮንኛ ቶር (ቶር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት እንኳ ገጹ በሴኮንድ ገደማ ሊሸፈን ይችላል። መብራት ሄዶ አየር ሲገባማ ተዉት።

መፍትሄው

ከስሱ ጎን 200 ናኖሜትር ሽፋን አስቀምጡ። ስሱ በጣም ተለውጦ ወፍራሙ ብዙም ካልተለወጠ ጥፋተኛው ገጹ ነው።

ከዚያ ቫኪዩሙን መልሳችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ 100 ዲግሪ አሙቁት። አቀዝቅዙና በመጀመሪያው ሙቀት እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከወረደ ላላ ብሎ የተቀመጠ ነገር፣ በተለይ ውሃ፣ ለቋል ማለት ነው። ካልወረደ ኦክስጅኑ ከመዳቡ ጋር ተያይዟል፤ መዳቡንም እየበላው ይሆናል። አትታገሉ፣ አዲስ ለብጡ። እልህ ይዟችሁ ሙቀቱን ብትጨምሩ ስሱ ሽፋን መጥበሻ ላይ እንዳለ ዘይት ጠብታ ጠብታ ይሆንና ጭራሽ ይቆራረጣል።

መብራት ሲሄድ የስልክ ባትሪ ከመፈለጋችሁ በፊት የፓምፑን ቫልቭ ዝጉ። እኛ እጀታው ላይ ወፍራም ፕላስተር ጠቅልለናል፤ በጨለማም በዳበሳ ይገኛል።